እርግብ ያስበረገገ ነጠላ

ጸሎት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምን እንደሚለምኑ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ የት ቆመው፣ ምን ለብሰው እንደሚለምኑም ማሰብ ነው። እኔ እስካለፈው ኅዳር ድረስ ወደ ላይ የላክኋቸው ልመናዎች ለሰሚ የማያሳፍሩ ነበሩ፦ ጤና፣ ሥራ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ የፔርሜሶዬ መታደስ፣ የአውቶቡስ መምጣት። ሮም የኖረ ሰው ከእነዚህ ሁሉ የትኛው እንደሚከብድ ያውቃል። በእመቤታችን በዓል፣ ጫካ መሀል ቆመሽ እርግብ ተመትታ እንድትወድቅልሽ ትለምኛለሽ ያለኝ ቢኖር ግን አማትቤበት መንገዴን እቀጥል ነበር።

እርግብ እኮ ናት። ለኖኅ ቅጠል ይዛ የተመለሰችው። እኛ አገር ሰው ዶሮ ሲያይ ወጥ ያስባል፤ እርግብ ሲያይ ግን ትዝ የሚለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣልያን እርግብም ሲያይ ድስት ይታየዋል። አልፈርድም፤ እኛም ጥሬ ሥጋ ስንቆርጥ እንዴት እንደሚያዩን አውቃለሁ።

የማስታምማቸው ሲኞር አልዶ ይባላሉ። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፣ ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ወይም እኔ ከእሳቸው ጋር እኖራለሁ፤ ሥራዬም መኝታዬም አንድ በር ነው ያለው። ዕድሜ ልካቸውን አዳኝ ነበሩ። ብርዱ ሲገባ በየቅዳሜው ልጃቸው ፓኦላ ከከተማ ውጭ ወዳለ ጫካ በመኪና ትወስደናለች፣ በየቅዳሜውም ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። አንድ ቀን ጥፋቱ የነፋሱ ነው፣ አንድ ቀን የጉሙ፣ አንድ ቀን የቁራ።

ኅዳር ጽዮን ቅዳሜ የዋለ ዕለት ፓኦላ ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች። አባቷ ዛሬም አንድ ነገር ካልመታ እጁ አብቅቶለታል ማለት ነው፣ ጠመንጃውን ትሸጠዋለች፣ እሱንም አረጋውያን መጦሪያ ታስገባዋለች፤ ቦታም አግኝታለች። «አሎራ፣ እንግዲህ ጽጌ፣ ብቻውን መኖር አይችልም» አለችኝ። ይህን ስትል እኔ ፊቷ ቆሜ የአባቷን ሻይ ቴርሞስ ውስጥ እየቀዳሁ ነበር። ክዳኑን ገጠምኩ። እሳቸው መጦሪያ ከገቡ እኔ ሻንጣዬን ይዤ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ነኝ፤ ያለ ሥራ ውልም ፔርሜሶዬን የሚያድስልኝ የለም። ፈራሁ፤ ምን ይደበቃል።

የዚህ አደን ነገር እንዲህ ነው። የዱር እርግቦች ቀን እርሻ ላይ ሲለቅሙ ውለው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐረግ ወደተጠመጠመባቸው ዛፎች ለማደር ይመጣሉ። አዳኙ ግንድ ተደግፎ ከሥር ይጠብቃቸዋል። መሮጥ የለም፣ ማባረር የለም። ሕጉ ሁለት ነው፦ አለመንቀሳቀስና ጥቁር ነገር መልበስ። ሲኞር አልዶ የሟች ሚስታቸውን ጥቁር አረንጓዴ ካፖርት አልብሰውኛል፤ ፊቴን እንኳ ቀና እንዳላደርግ አስጠንቅቀውኛል፤ የእርግብ ዓይን ክፉ ነው።

ፓኦላ ጫካው ዳር መኪናዋ ውስጥ ቀረች፣ መስኮቱን ከፍታ የተኩስ ድምፅ ልትጠብቅ። እኛ ገብተን ቆምን። ብርዱ ጉልበት ይሰብራል። ሰማዩ መቅላት ሲጀምር መጡ፤ ብዙ ናቸው፣ ዝቅ ብለው፣ በነፋሱ ላይ እየተንሳፈፉ። ሲኞር አልዶ ጠመንጃውን አነሱ። አፈሙዙ ይንቀጠቀጣል። ቅርንጫፉንም፣ ደመናውንም፣ እኔንም ተራ በተራ ያነጣጥራል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ የማውቀውን አደረግሁ። ግን ደግሞ በኅዳር ጽዮን ራስን ሳይከናነቡ እመቤታችን ፊት እንዴት ይቆማል? ጠዋት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስላልቻልኩ ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር። ቀስ ብዬ አወጣሁት፣ ዘረጋሁት፣ ተከናነብኩ። «እመቤቴ፣ አንዲት ብቻ» አልኩ።

ሰማዩ በክንፍ ጭብጨባ ተናወጠ። በዚያ ጨለምለም ያለ ጫካ ውስጥ እንደ በረዶ የነጣ ነገር ሲዘረጋ ያየ እርግብ ሁሉ ተገልብጦ ሄደ፤ አንድም አልቀረ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ አሉ።

ወደ መኪናው መመለስ ጀመርን። ሲኞር አልዶ በመንገዳችን ያለውን የቦይ ድልድይ ለመሻገር ሲሉ ጠመንጃውን ከወገቡ አጥፈው ሰጡኝ። ሁለቱም አፈሙዝ ባዶ ነበር። ጥይት የሚባል አልጎረሰም። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«እጄን አይተሽዋል» አሉኝ። «ካለፈው ዓመት ጀምሮ አጉርሼው አላውቅም። አጉርሼው ቢሆን አንቺን ነበር የምመታው።»

ተመስገን ልበል ወይስ ልቆጣ ጠፋኝ። ቦዩን ተሻገርን።

መኪናው ጋ ስንደርስ ግን ድምፃቸው ሌላ ሆነ። ሰማይ ሙሉ እርግብ መጥቶላቸው እንደነበር፣ አነጣጥረው ቃታ ሊስቡ ሲሉ ይህቺ ሴት የአልጋ ልብስ የሚያህል ነጭ ጨርቅ ዘርግታ ሁሉንም እንዳስበረገገችባቸው፣ በስልሳ ዓመት የአደን ዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ግፍ አይተው እንደማያውቁ በእጃቸው ጭምር አስረዱ። ፓኦላ ወደ እኔ ዞረች። ነጠላው ገና አንገቴ ላይ ነበር። ጥፋቴን አመንኩ፤ የእኛ ሃይማኖት ነው፣ አላወቅሁም፣ ይቅርታ አልኩ። መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። «ቫ ቤኔ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለማ» አለች አባቷን። እስከ ሮም ስለ ጠመንጃውም ስለ መጦሪያውም ያነሳ የለም፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጠረ፣ እኔም ነጩን ጨርቅ ቤት ጥዬው እንድመጣ ተመከርኩ።

ማታ ጫማቸውን ሳወልቅላቸው ሲኞር አልዶ ወደ በሩ ገልመጥ አሉ፤ ፓኦላ ሄዳለች።

«ቅዳሜ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ነጩን እንዳትረሺ።»

እመቤቴን አንዲት እርግብ ብለምናት እሷ እርግቦቹንም፣ ሽማግሌውንም፣ እኔንም አተረፈችን፤ ከዚህ በላይ አልመረምርም። አሁን በየሐሙሱ ነጠላዬን አጥባለሁ። የሥራ ልብስ ንጹሕ መሆን አለበት።