ለሳተላይት የተላክን ሽማግሎች

ቡድን መሪ ሆኖ የተወለደ ሰው ጎረቤታችሁ ከሆነ፣ ሳይነገራችሁ የቡድኑ አባል ናችሁ። የእኛዋ፣ የቡራዩዋ ክብርት ፀዲ፣ የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪና የዩኒቨርሲቲዋ የሕዋ ክበብ ሊቀመንበር ናት። አምና በተማሪዎች ውድድር አንደኛ ወጥታለች። ይህን የማያውቅ ካለ ሰፈራችን ትናንት የገባ ሰው ነው፤ እሱም እስከ ነገ ያውቃል።

ስትሾም አታማክርም። ብቻዋን ያሳደገቻትን እናቷን፣ ወይዘሮ የሺወርቅን፣ የስፌት ክፍል ኃላፊ አደረገቻት። የብየዳ ሙከራዋ የግቢውን ቆጣሪ አቃጥሎ ሁላችንም ሻማ ስንፈልግ፣ «በፕላናችን መሠረት እየሄድን ነው» አለች። ክረምት መግቢያ ላይ ደግሞ ጃንጥላዬ ለፓራሹት መዋሉን ሰማሁ። ብቆጣ፣ «ጋሼ፣ ስፖንሰራችን ነዎት እኮ!» አለችኝ። ዝናብ እየመታኝ ስፖንሰር ሆኜ ከረምኩ።

ዘንድሮ ቡድኗ የለስላሳ ቆርቆሮ የምታክል ሳተላይት ሠራ። በፊኛ ወጥታ፣ በፓራሹት ወርዳ፣ የአየሩን ሙቀትና ግፊት መዝግባ ታመጣለች። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ለቀቋት። ነፋስ ወሰዳትና የአንድ ገበሬ፣ የኦቦ ኢቲቻ፣ ገብስ ውስጥ ወደቀች። ልጆቹ ደስታ ሰላምታ አስረስቷቸው አጥር ዘለው ገብሱን ረገጡት። ኦቦ ኢቲቻም ቆርቆሮዋን ይዘው ቤታቸው ገቡ።

የተመዘገበው ሁሉ ያለው እሷው ውስጥ ነው። ሰኞ ካልቀረበ ቡድኑ ከውድድሩ ይወጣል። ክብርትነቷ ላፕቶፗን ይዛ ሄደችና ለተበደለ ገበሬ ሃያ ሁለት ስላይድ አቀረበች። ኦቦ ኢቲቻ እስከ መጨረሻው አዩላት። ከዚያ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሽማግሌ የለሽም?» አሏት።

የሽማግሌነት ሹመቱ እኔ ላይ ወደቀ፤ እሁድ ጠዋት የሰፈራችንን አዛውንት ጋሽ ተድላን አስቀድሜ ሄድኩ።

«ታኣ፣ ተቀመጡ» አሉን ኦቦ ኢቲቻ።

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተድላ፣ ሚስት ሊጠይቁ የመጡ ይመስል። «ልጆቻችን አጥፍተዋል፤ ይቅርታ ልንለምን ነው የመጣነው።»

ፀዲ ከኋላችን አንገቷን ደፍታ ቆማለች። እንዲህ ዝም ብላ አይቻት አላውቅም፤ አንጀቴን በላችው።

ኦቦ ኢቲቻ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ፣ ለልጅቷ ምኗ ነህ?»

ጎረቤቷ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን ቀደመኝ። «አባቷ ነኝ» አልኩ።

ጋሽ ተድላ ሳል ያዛቸው። ፀዲ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች።

«ጎበዝ ልጅ አለችህ» አሉ ኦቦ ኢቲቻ፣ ቆርቆሮዋን በሁለት እጃቸው እያስረከቡኝ። «ሰው ደጅ ስትደርስ ሰላም ማለት ብቻ አስተምራት።»

«እሺ ኦቦ፣ እኔም ሳሳድጋት ያስቸገረኝ እሱ ነው» አልኩ። እንዳላሳደግኳት ትዝ ያለኝ ቡራዩ ከደረስን በኋላ ነው።