የኋላ ማርሽ የሌላት የጠፈር መርከብ

በዚያ ታላቅ የአብዮት ዘመን፣ ባሕር አይቶ የሚያውቅ ሰው በሌለበት በመካነ ሰላም ደጋ ላይ፣ የጦር መርከብ ተነደፈ። ያውም የጠፈር!

ነዳፊው የወጣቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አካሉ ነበር። ነገሩ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር በስጦታ የመጣ ጨዋታ ነው፤ ጥቁር ሰማይ የተሣለበት የካርቶን ሰሌዳና በላዩ የሚገፉ የእንጨት መርከቦች። እያንዳንዱ ቡድን የተሰጠውን ነጥብ ለመድፍ፣ ለብረት ጋሻና ለማርሽ አከፋፍሎ መርከቡን ራሱ ይነድፋል። በየተራው መንቀሳቀስ ግዴታ ነው፤ ከሰሌዳው የወጣ መርከብ ተሸናፊ ነው። ከመካነ ሰላምና ከጎረቤቷ ከወግዲ ቡድኖች ያሸነፈው መሪ ለትምህርት ባሕር ማዶ ይላካል።

ጓድ አካሉ ይህን ሲሰማ ጊዜ አላባከነም፤ ካፖርት አሰፋ። እናቱ እማማ በለጥሻቸው፣ የሟቹ መሪጌታ ባለቤት፣ በሶውን አስፈጭተው፣ ዳቦ ቆሎውን ቋጥረው፣ በግ አርደው ጎረቤቱን ለሽኝት ጠሩ። ውድድሩ ገና አልተጀመረም። ታዲያ ምናለበት? የታቀደ ሁሉ እንደተፈጸመ በሚቆጠርበት ዘመን፣ ሽኝቱ እንዲያውም ዘግይቶ ነበር።

ጓድ አካሉ ንድፉን ለስብሰባ አቀረበ።

«ጓዶች! መርከባችን የኋላ ማርሽ አያስፈልጋትም! አብዮታዊ መርከብ ወደ ኋላ አትልም! የተረፈው ነጥብ በሙሉ ለፊት መድፍ ይዋል!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ፀሐፊዋ ይርገዱ ብቻ እጇን አወጣች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጫፍ ስንደርስስ?»

«ጫፍ? ትግል ጫፍ አለው እንዴ?»

«የትግሉን እንጃ፤ ይሄኛው ግን ካርቶን ነው።»

ይርገዱ ግለ ሂስ እንድታደርግ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እሷም በራሷ ላይ እጇን አወጣች፣ ምን ታድርግ!

ቀኑ ደረሰ። የወግዲው መሪ ወልደ ሚካኤል የሚባል ዝምተኛ የቄስ ልጅ ነው። መርከቡን አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ እያለ ከጓድ አካሉ መድፍ ፊት ዞር አደረጋት። የመካነ ሰላሟ መርከብ ከነግርማዋ በአጠገቧ አልፋ ሄደች፤ ሄዳ ሄዳ ጫፍ ላይ ቆመች። ጓድ አካሉ ካፖርቱ ትዝ አለው። ያ ሁሉ ስንቅ!

«ተራዬን ልለፍ?»

«አይቻልም» አሉ ከክፍለ ሀገር የመጡት ዳኛ።

ገፋት። መርከቢቱ ጠረጴዛው ሥር ወደቀች።

አካሉ ግን የዋዛ ነው? ብድግ አለ። «ጓዶች! መርከባችን አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ ሳትል፣ ጠፈሩን ጨርሳ ከዕቅድ በላይ ተጉዛለች!»

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ዳኛውም ልባቸው ተነክቶ ድሉ የመካነ ሰላም መሆኑን አወጁ። ቀጥለው ወልደ ሚካኤልን ጠርተው «ጓዝህን አዘጋጅ» አሉት።

«ድሉ የኔ አይደል እንዴ?» አለ አካሉ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ያንተ ነው እንጂ! ግን ጓድ፣ ወደ ኋላ የማይመለስን ሰው ባሕር ማዶ ብንልክ ማን ያመጣልናል?»

ማታውኑ እማማ በለጥሻቸው ስንቁን ተሸክመው ወልደ ሚካኤል ወዳረፈበት ቤት ሄዱ። ካፖርቱንም አልረሱም።

«እንካ ልጄ» አሉት። «አንተስ ለናትህ ትመለሳለህ።»