«ትንሽ ብቻ» የተባለው ክሊር

እኛ አገር «ትንሽ» የሚባል መጠን የለም! አለ የምትሉ ካላችሁ እስቲ ሰው ቤት ሂዱና ሳህናችሁን ዘርግታችሁ «ትንሽ ብቻ» በሉ። ፊታችሁ የሚቆለለው ምግብ ማዶ የተቀመጠውን ሰው ይጋርድባችኋል። እናንተም ብትሆኑ የምትሉት ከልባችሁ አይደለም... ይሉኝታ ይዟችሁ ነው። የቤቱ እመቤትም ይህን ስለምታውቅ አፋችሁን ትታ ሆዳችሁን ነው የምትሰማው። ታዲያ ዕድሜዬን ሙሉ «ትንሽ ብቻ» የሚለውን «ጨምሪልኝ፣ አፍሬ ነው» ብዬ ስተረጉም ለኖርኩ አሮጊት የሚረጭ ቀለም በእጇ ይሰጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀዋሳ፣ ታቦር ሰፈር የምኖረው ከልጄ ልጅ ከቤዛ ጋር ነው። ቤዛ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ከትምህርቷ በተረፋት ጊዜ ደግሞ መዳፍ ላይ የሚቀመጡ መኪኖች ትሠራለች። መጫወቻ እንዳትሏቸው! እኔ አንዴ ብያቸው እስከ እራት አኩርፋኛለች። ሞዴል ነው የሚባሉት። ጎማቸው ይዞራል፣ በራቸው ይከፈታል፣ የጎን መስታወት ሳይቀር አላቸው። የጎደላቸው ወያላ ብቻ ነው።

ጎረቤታችን ጋሽ ናስር ደግሞ ከፒያሳ ታቦር ሚኒባስ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። በቅርቡ ጉልበታቸው ፍሬን መርገጥ እምቢ አለና መኪናዋን ሸጡ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ለባብሰው በራቸው ላይ ይቆሙና የሚያልፈውን ታክሲ ሁሉ በዓይናቸው ይሸኛሉ። አንጀት ይበላሉ! ሰፈርተኛው ይህን አይቶ መከረና ቤዛን «ያቺን መኪናቸውን አሳንሰሽ ሥሪላቸው» አላት።

ሠራቻት! ሰማያዊዋና ነጭዋ ቁጭ ያለች የጋሽ ናስር መኪና። በጎኗ ላይ እንደ እውነተኛዋ የሦስቱ ሴት ልጆቻቸው ስም በረድፍ አለ፤ ዘይነባ፣ መሪማ፣ ፎዚያ። ቤዛ ስሞቹን በስስ ስቲከር ፒያሳ አሳተመች፣ ውሃ ውስጥ ነከረች፣ ትንፋሿን ውጣ በወረንጦ እያንሸራተተች ለጠፈች። ትርፍ ስቲከር አልነበራትም። ስጦታው የሚሰጠው በዚያው ቀን ከሰዓት ነው፤ ጋሽ ናስር ቤት ሰው ተጠርቷል። በዚህ ላይ እሷ ፈተና አለባት።

«እማማ፣ ክሊሩን አንዴ ረጭቼዋለሁ» አለችኝ ጣሳውን እያሳየችኝ።

«ክሊር ደግሞ ምንድን ነው?»

«ስቲከሩ እንዳይላጥ የሚሸፍነው ነው። ሲደርቅ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ይሄኛው ሲደርቅ እርስዎ አንዴ ይድገሙልኝ።»

«እኔ?!»

«ቀላል ነው። ራቅ ያደርጉና እጅዎን ሳያቆሙ... ሽው! ትንሽ ብቻ።»

«ትንሽ ብቻ?»

«ትንሽ ብቻ!» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሮጠች።

ልብ አድርጉ፣ ደግማ ነው ያለችው። እንግዳ «ትንሽ ብቻ» ብሎ ከደገመማ በጣም ርቦታል ማለት ነው!

የመጀመሪያው ሲደርቅ መኪናዋን ይዤ በረንዳ ላይ ወጣሁና ሽው አደረግኩ። ምንም አይታይም። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ጉም የነካት እንኳ አትመስልም። ይህን ለጋሽ ናስር? ዝናብ ሲይዘኝ ደጄ ድረስ ሲያደርሱኝ ለኖሩ ሰው? ሰው ምን ይለናል! ለዘይነባ አንዴ ጨመርኩላት። ዘይነባ አግኝታማ መሪማ አትቀርም። ፎዚያ ደግሞ የመጨረሻ ልጅ ናት፣ የመጨረሻ ልጅ ትሞላቀቃለች... እሷንማ ጠጋ ብዬ እስኪወርድ አጠጣኋት። መኪናዋ ከሐይቁ ውስጥ ያወጧት መሰለች። እንዴት ታበራለች! ብታዩ ትመርቁኝ ነበር።

የሐይቁ ትንኝም አየቻት። ሀዋሳ የኖረ ያውቃታል፤ የሚያበራ ነገር ካየች ዘመድ አዝማዷን ጠርታ ነው የምትመጣው። አንዷ ጣሪያው ላይ አረፈች። እፍ አልኩ፣ አልሄደችም፤ እንደተሳፈረች ቀረች። ሌሎቹ ወረፋ ሲይዙ እኔ ወደ ሳሎን ሮጥኩ። እኛ ቤት የሚከበር ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም፤ ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ ሬዲዮውም በእጄ የሠራሁትን ዳንቴል ለብሰዋል። የቴሌቪዥኑን ገፈፍኩና መኪናዋን እንደ ሙሽራ አለበስኳት። «በይ፣ እንግዲህ ትንኝ አይደፍርሽም» ብያት ገብቼ ጋደም አልኩ። ደግሞ ጥሩ እንቅልፍ ወሰደኝ... ኅሊናዬ ንጹሕ ነበራ!

የቀሰቀሰኝ የቤዛ ድምፅ ነው።

«እማማ! ይሄ ዳንቴል ምን ይሠራል?»

«ከትንኝ ያስጥላል።»

ዳንቴሉን ስታነሣው መኪናዋም ተንጠልጥላ አብራ መጣች። ቀስ ብላ ላጠችው። ጣሪያው ላይ የኔ ጥለት ከነአበባው፣ ከነቅጠሉ ታትሟል፤ የቀረው ክር ደግሞ ጢም መስሎ ተንጨባሯል። ጣሳውን ወዘወዘችው።

«እማማ፣ ባዶ ነው እኮ!»

«ሌላም የሚቀርብለት እንግዳ ነበር እንዴ?»

አልሳቀችም። መኪናዋን አገላበጠችና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ፎዚያ የለችም።»

«የት ትሄዳለች? ደህና አድርገሽ ፈልጊያት።»

መነጽሬን አደረግኩ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ ባላውቅም የተጻፈ ነገር አያመልጠኝም። ዘይነባ አለች። መሪማ ትንሽ ተጨማድዳለች እንጂ አለች። ፎዚያ ግን በክሊሩ ርሳ፣ በዳንቴሉ ተጎትታ፣ ከኋላ ጎማ ሥር ተጣጥፋ ተኝታለች። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት የገባኝ። የልጅቷ ልፋት፣ የሰፈሩ ምክር፣ የሽማግሌው ደስታ፣ ሁሉም በኔ ጣት ሥር አልቋል።

ሌላ ለመሥራት ጊዜ አልነበረም፤ ይዘናት ሄድን። የጋሽ ናስር ሳሎን በሰው ሞልቷል፤ ሦስቱ ልጆቻቸውም ተሰብስበዋል። ቤዛ አንገቷን ደፍታ ሰጠቻቸው። ጋሽ ናስር መኪናዋን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ጎማዋን በአውራ ጣታቸው አዞሩ፣ ጣሪያዋን ዳሰሱ።

«ጋሽ ናስር፣ ተበላሽታብኝ ነው፤ ይስጡኝና እንደ አዲስ ልሥራት» አለች ቤዛ።

እሳቸው ግን መኪናዋን ወደ ደረታቸው ሸሸጓት። «ተይ ልጄ! የኔ መኪና ሳትጫር ውላ ታውቃለች? አሳምረሽ ብታመጪልኝ የሰው መኪና ናት ብዬ እመልስልሽ ነበር። አሁን ነው የኔን የመሰለችው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቤዛ ሳቀች። እኔም ተርፌያለሁ ብዬ አብሬ ሳቅኩ።

ለካስ ቸኩያለሁ። ጋሽ ናስር መነጽራቸውን አስመጡና መኪናዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጓት። ፊታቸው እንደ ትራፊክ ፖሊስ ኮስተር አለ።

«ቆይ... ቆይ። ፎዚያን ማን ገጫት?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው!» አለች ፎዚያ ከበሩ ጋ።

ሰው ሁሉ ቤዛን አየ። ቤዛ፣ እግዜር ይስጣት፣ ኮርኒሱን አየች። እኔ መሪ ጨብጬ የማላውቅ፣ ባጃጅ ላይ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ የምሳፈር አሮጊት፣ በሰው ሳሎን መሐል እጄን አወጣሁ።

«እኔ ነኝ።»

«እትዬ ብርቄ?!» አሉ ጋሽ ናስር። «በፍጥነት ነው እንዴ?»

«የለም» አልኳቸው፣ «በደግነት ነው።»