የአዴ ፈረንጂ ዝምታ

ፊልም አይታችሁ ስትወጡ የምታስታውሱት ማንን ነው? አትዋሹኝ፤ ቆንጆዋን ነው። በር የምትከፍተውን ሠራተኛ፣ ኪራይ የምትጠይቀውን አሮጊት፣ አልጋ ሥር ተቀምጣ የምታለቅሰውን አክስት ማን ብሎ ስሟን ይጠይቃል? እኔም አልጠይቅም ነበር፤ ጎባ አስተማሪ ሆኜ እስክመደብ ድረስ።

በጃንሆይ ዘመን አዲስ አበባ አይታ የጠገበችው ፊልም ሐረር ይወርዳል፤ ሐረር ሲሰለቸው ደግሞ በጭነት መኪና ባሌ ይወጣል። ስለዚህ ሌላው ዓለም የሚናገር ፊልም ማየት ከጀመረ ስንትና ስንት ዘመኑ፣ እኛ ገና ድምፅ የሌለውን ነበር የምናየው። ቅዳሜ ጀምበር እንደጠለቀች ቡሉኳችንን ተከናንበን የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ፊት እንኮለኮላለን።

ከፊልም ፊልም የማትጠፋ አንዲት ወፍራም ሴት ነበረች። አንዴ ወጥ ቤት፣ አንዴ ነገረኛ አማት፣ አንዴ ምስኪን መበለት ትሆናለች። ስሟን ስለማናውቅ ከተማው «አዴ ፈረንጂ» አላት። አዴ በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ለቆንጆዎቹ ማንም አልሰጣቸውም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ግማሹ ሰው «ያ ረቢ» አለች ይላል፣ ግማሹ «እመቤቴ» አለች ብሎ ይከራከራል። ድምፅ ስላልነበራት የሁላችንም ነበረች።

ከሁሉ አብልጠው የወደዷት ቅቤ ነጋዴዋ አዴ ሙሚና ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የባላቸው ወንድም ቤቱ ለእኔ ይገባል ብሎ በክስ ያንከራትታቸው ነበር። ታዲያ አንድ ቅዳሜ አዴ ፈረንጂም መበለት ሆና ከቤቷ ልትባረር ደረሰች። ደረቷን አልመታችም፣ መሬት ላይ አልተንከባለለችም። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈችና አባራሪውን አየችው። በቃ፣ አየችው። ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ በመጣበት ተመለሰ። ያለ አንዲት ቃል ያን ያህል የሠራ ሰው ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

«ባርሲሳ፣ አየኻት?» አሉኝ አዴ ሙሚና፤ መምህር ማለታቸው ነው።

ሰኞ ጠዋት ክሱን የያዘው የአውራጃው ሹም ወደ ቢሮው ሲገባ እንደ ልማዱ ባለጉዳይ ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ «አቤት! አቤት!» ይላል። ደንቡ እንደዚያ ነበር፤ ጉሮሮው የበረታ ይሰማል። ጎባ ገበያ ሲጣሩ ሮቤ የሚሰማላቸው አዴ ሙሚና ግን በሩ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ሹሙን አዩት። አቤት አላሉም። ሹሙ አለፈ፤ ቆመ፤ ተመለሰ።

«እኚህ ሴትዮ ምን ሆነው ነው?»

ለወራት ሲጮኹ ዞር ብሎ ያላያቸው ሰው ነው። ጉዳያቸው ታየ፣ ቤቱም ጸናላቸው።

ከዚያ የሚናገረው ፊልም መጣ። የአዴ ፈረንጂን ድምፅ ለመስማት ያልወጣ ሰው አልነበረም። እንግሊዝኛ ታውቃለህ ተብዬ አዴ ሙሚና አጠገብ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ የትልቅ ቤት ሠራተኛ ሆና ትሪ ይዛ ገባች፣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን የጫጩት ድምፅ ነበር። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«ምን አለች?»

«ሻይ ቀርቧል ጌታዬ።»

«ይኸን ብቻ?»

«ይኸንኑ ብቻ፣ አዴ።»

ያቺን የመሰለች ሴት አፍ ሰጥተው ሻይ አስጠሯት። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ጌታዋ ሞተ። ዘመዶቹ አልጋውን ከበው ስለ ውርሱ ይለፈልፋሉ፣ ለእሷ የተረፈ ቃል የለም። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

ሳቁ ቆመ። እኔም ከልማዴ ለመተርጎም አፌን ስከፍት አዴ ሙሚና ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ።

«ተወው ባርሲሳ» አሉኝ። «ይኸንን ሰምተናል።»