ስልክ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ

መግዛት ማንን ያቅተዋል? ኪሱ ትንሽ የሞቀለት ሰው ሁሉ ይገዛል። ጭንቁ ያለው መሸጡ ላይ ነው። እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። ሽንኩርት አምርታችሁ ዋጋው ሲወጣ «ገና ይጨምራል» ብላችሁ ታቆዩታላችሁ። ሲወርድ ደግሞ «በዚህ ዋጋማ አልሰጥም፣ ነገ ይመለሳል» ብላችሁ ታቆዩታላችሁ። እንዲህ ስትሉ ስትሉ ሽንኩርቱ ራሱ ቤት ውስጥ በቅሎ ይጠብቃችኋል። ሽንኩርትስ ቢሆን ደግ ነው፤ መብቀሉንና መሽተቱን አይቶ ሰው ይወስናል። የማይበቅል፣ የማይሸት፣ የማይነቅዝ ነገር የያዘ ሰው ግን መሸጫው መድረሱን በምን ይወቅ?

ይህን የማነሳው በሰው ላይ ልፈላሰፍ ብዬ አይደለም። እኔ ታደሰ፣ ቆቦ ላይ ከዋናው መንገድ ዳር የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ የምሸጥ ሰው ነኝ። ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ዘይት፣ አልፎ አልፎም ሙሉ ፓምፕ። ላየኝ ሰው እጄ በግሪስ የጠቆረ፣ ሁለት እግሬ መሬት የረገጠ ነጋዴ እመስላለሁ። ከባንኮኒው ሥር ግን ስልኬ አለች፤ ስልኬ ውስጥ ደግሞ ኮይን አለ። ቢትኮይን የሚሉት ታላቅዬው አይደለም፤ እሱ ለእኔ ቢጤ ሩቅ ነው። ከታናናሾቹ አንዱ ነው፤ ስሙን ስጠራው ምላሴ ይደነቃቀፋል። ሕጉም ብዙ የሚወደው ንግድ ስላልሆነ ስሙ ይቆየን።

ለሚስቴ ለሙሉ አልነገርኳትም። የወጣውን ብር «ለዕቃ ቀብድ ከፍያለሁ» ብያታለሁ። ሰው አንዴ እንዲህ ካለ በኋላ ራሱም ቀብድ ነው ብሎ ማመን ይጀምራል።

ኮይን የያዘ ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል ላልያዛችሁ ልንገራችሁ። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬን አያለሁ። ለገበሬ ቺንጋ እየለካሁ አያለሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ እሱ ይቅር ይበለኝና፣ በነጠላዬ ከለል አድርጌ አያለሁ። ሲወጣ ደስታዬ ጥቂት ትቆይና ስስት ይተካታል። ሲወርድ ምሳ አልበላ ይለኛል። ሙሉ «ይሄን ሰውዬ ምን ነካው?» ትላለች። እኔ «ሙቀቱ ነው» እላለሁ። ቆቦ ለእንዲህ ዓይነቱ መልስ የሚመች አገር ነው።

ብቻዬን አልገዛሁም። ከሁሴን ጋር ነው። ሁሴን በሮቢት በኩል ጎሊና ወንዝ አጠገብ ሽንኩርት የሚያለማ፣ ማሽላ የሚዘራ የቆየ ደንበኛዬ ነው። ሳውዲ የሚሠራ የእህቱ ልጅ «አጎቴ፣ ይህን ግዛ» ብሎ ደወለለት። ሁሴን ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠና ብሩን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። እኔ ስልኩን ተቀብዬ እንዴት እንደሚገዛ አሳየሁት፤ እያሳየሁት እኔም ጎመጀሁ። ነገሩ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ሁሴን ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ስልኩን ኪሱ ከተተ። በቃ። በየገበያው ቀን ይመጣል፣ ካንዴላውን ይገዛል፣ ጥግ ላይ የቆመችውን ቀይ ፓምፕ እንደ ጊደር ዳሰስ ዳሰስ ያደርጋታል፤ ሊወጣ ሲል «ጉድጓዱ ደህና ነው?» ይለኛል። «ደህና ነው» እለዋለሁ። ሌላ ቃል አይጨምርም። አንድ ቀን ዋጋው በእጥፍ ሲወጣ አላስችል አለኝ።

«ሰውዬ፣ ስንት እንደደረሰ እንኳ አትጠይቅም?»

«ስንት በሬ ሆነ?»

«ሁለት።»

«እሰይ» አለና ዘይቱን አንሥቶ ሄደ።

ጉድጓድ የሚለው ነገር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። የእኛ የራያ ቆላ ገበሬ ማሽላውን ምድር ቆፍሮ ያኖራል። አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። ከተደፈነ በኋላ «እስቲ እንዴት ሆኖ ይሆን» ተብሎ አይነካም፤ አየር ከገባው ይበላሻል። የሚከፈተው ቤቱን የግድ ሲለው ነው፤ ያኔም ለብቻ አይከፈትም። ውስጥ የታፈነው አየር ሰው ይገድላልና መጀመሪያ አፉን ከፍተው እንዲተነፍስ ይተዉታል፤ ከዚያም አንዱ ሲገባ ላይ ሆኖ ገመድ የሚይዝለት ጎረቤት ያስፈልጋል። ጎረቤት ከተጠራ ምርቃት አለ፣ ድርሻም አለ። ጉድጓድ ሲከፈት የቆመ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም።

ሁሴን ኮይኑን በዚሁ ሥርዓት ያዘው። እኔ ስልኬን በየደቂቃው ስከፍት፣ እሱ የጉድጓዱን አፍ ደፍኖ ማሽላውን ያርማል፣ እንቅልፉን ይተኛል። አንዳንዴ ቺንጋ እያሰርኩለት ፊቱን እሰርቃለሁ፤ የመጨነቅ ምልክት ባገኝ ብዬ። የለም። እንዲህ ዓይነት ልብ ከየት እንደሚገኝ እየገረመኝ ነው የከረምኩት።

ዘንድሮ ግን የግድ መጣ። አሮጌው ፓምፑ ሞተ። እኔው ራሴ ፈታትቼ አየሁት፤ ተስፋ አልነበረውም። የሽንኩርት ችግኙ መደብ ላይ ደርሶ ወደ ማሳ መዛወሪያውን ይጠብቃል፤ ዝናቡ ጠፍቷል፤ ጎሊና ዓይኑ እያየ ትወርዳለች፣ ያለ ፓምፕ ግን ማሳው ላይ አትወጣም። በሳምንቱ ውስጥ ፓምፕ ካላገኘ ችግኙ መደቡ ላይ ያረጃል፤ የዓመቱ ሽንኩርት ሄደ ማለት ነው። ሚስቱ ከድጃ ደግሞ «ሽንኩርቱ ሲሸጥ በሬያችንን እንተካለን» እያለች ነው ዓመቱን የገፋችው። ጥማድ ከነበረው ቤት የቀረው አንድ በሬ ነው።

እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው ሳምንት ኮይናችን አበደ። ሐሙስ ከሰዓት ስልኬን ሳያት ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ሦስት በሬና አንድ ጊደር! ወዲያው ደወልኩለት።

«ሁሴን፣ አሁኑኑ ሽጥ። ፓምፗን ትወስዳለህ፣ በሬህንም ትመልሳለህ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ረጋ ብሎ። «እንግዲያው ይከፈታል። ነገ ከጁምዓ በኋላ ና።»

«ለምን ነገ? አንድ ቁልፍ መጫን እኮ ነው።»

«ጎረቤት ሳልጠራ?»

«ሁሴን፣ ይሄ ስልክ ነው። የታፈነ አየር የለውም።»

«አንተን ሳይህ ግን ያለው ይመስለኛል» አለኝ።

እንቅልፍ ያጣሁባቸውን ቀናት አስቤ ስልኩን ዘጋሁ። እናንተ ደግሞ «አንተስ የራስህን ለምን አልሸጥክም?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ አራተኛውን በሬ እየጠበቅሁ ነበር።

በነጋታው በሚኒባስ ሮቢት ሄድኩ። መንገድ ላይ ዋጋውን ሳየው ጊደሯ የለችም። ሦስቱ በሬ ግን አሉ፣ አይዞህ አልኩ ለራሴ። ሁሴን ደጅ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ሰሌን ተነጥፎ፣ ጎረቤቱ ክርስቲያንም እስላምም ዙሪያውን ተቀምጦ፣ መሐል ላይ ስልኩ ብቻውን ተጋድሟል። ጋሽ ምስጋናው የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤቱ ዱላቸውን ተደግፈው ከፊት አሉ። በሬው የተሸጠ ጊዜ «ሰው ላላየው ነገር በሬ ይሸጣል?» ብለው ሲስቁበት የከረሙት እሳቸው ናቸው። ስልኩን በዱላቸው ጫፍ እያመለከቱ «ይሄ ነው ጉድጓዱ?» አሉኝ። «አፉ በየት በኩል ነው?»

ሁሴን ስልኩን ከፈተ። ቁጥሩ ወጣ። «ይተንፍስ» አለና መልሶ ሰሌኑ ላይ አኖረው። ከተቀመጡት መሐል የነበሩት የመንደሩ ሸህም ዱአ ጀመሩ።

ያ ዱአ! ለዝናቡ ለመኑ። ለሰላሙ ለመኑ። ለከብቱ፣ ለነፍሰ ጡሯ፣ መንገድ ለወጣው፣ ሳውዲ ላለው ልጅ፣ ለጎሊና ውሃ ሳይቀር ለመኑ። ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። ጋሽ ምስጋናውም ማተባቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ «አሚን» ይላሉ። እኔ አንድ መዳፌን ዘርግቼ፣ በሌላው ስልኬን ጉልበቴ ሥር ይዤ አያለሁ። ሦስቱ በሬ ሁለት ሆነ። አሚን። ሁለቱ አንድ ተኩል ሆነ። አሚን። ወደ ሁሴን ጠጋ ብዬ «እየወረደ ነው፣ ቶሎ በል» አልኩት።

«ምርቃት ይቋረጣል እንዴ?» አለኝ፤ እንደ ነውረኛ አየኝ።

የእኔም ጣት እኮ የራሴን ለመሸጥ ቁልፉ አጠገብ ነበረች። ግን አሁን እልህ ያዘኝ። ትናንት ሦስት በሬ የነበረውን ዛሬ በአንድ ተኩል ልሰጥ? ይመለሳል አልኩ። ሽንኩርቱን ታስታውሳላችሁ።

ዱአው ሲያበቃ ሁሴን ፊቱን በመዳፉ ዳበሰ፣ ጣቱን አሳረፈ፣ ሸጠ። የገዢው ብር ባንክ የገባበት መልእክት ሲመጣ እኔ አነበብኩለት። የቀረው የጥጃ ዋጋ ነው፤ ያውም የከሲታ ጥጃ።

ከድጃ ከበሩ ላይ ሆና «ወንድሜ ታደሰ፣ ሻገተ?» አለችኝ።

«ሻገተ» አልኩ።

«ኸይር ነው» አለች። ድምጿ ግን ቀጠነብኝ፤ ወደ ውስጥ ገባች።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ልብሳቸውን አራግፈው በየአቅጣጫው ሄዱ። ጋሽ ምስጋናው እንኳ አልሳቁም፤ ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ድርሻ እንደሌለ ሲያውቁ እንዴት ይፈጥናሉ ብዬ በልቤ አማኋቸው። ሁሴን ቁርቁራው ሥር ተቀምጦ አፈር ይዘግናል፣ ያፈሳል። የችግኙ መደብ ከተቀመጥንበት ይታያል፤ አረንጓዴ ነው፣ ያምራል፣ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ምን እላለሁ? ያስገዛሁት እኔ ነኝ።

ብዙም ሳንቆይ ጋሽ ምስጋናው አህያ እየነዱ ተመለሱ። አህያዋ ላይ የማሽላ ጆንያ ተጭኗል። ከበሩ አጠገብ አወረዱትና «ይሄ እንኳ የሚታይ ነው» አሉ። ከኋላቸው ሌላ ሰው መጣ፤ እሱም ጆንያ። ሌላው ግማሽ ጆንያ በትከሻው። አንዲት ባልቴት በእንቅብ። አንዱ «ማሽላዬ አልቋል» ብሎ የገመድ ጫፍ ሁሴንን አስጨበጠው፤ ከገመዱ ወዲያ ማዶ ፍየል አለች። ክምሩ እያደገ ሄደ፤ የሚያመሰግንም ምስጋና የሚጠብቅም የለም። ሁሴን ለእያንዳንዱ «አላህ ይተካልህ» ይላል፣ አበቃ።

ቆይቼ «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ጉድጓድ ሻግቶ ሲገኝ፣ ሲከፈት የቆመ ሰው ሁሉ ከራሱ ያመጣል» አለኝ።

«ካልሻገተስ?»

«ይወስዳላ።»

እንዲህ ቀላል አድርጎ ነገረኝ። እዚህ አገር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከተማ ላይ ስለኖርኩ ጉድጓድ አልነበረንም፣ ይህን ወገኑን አላውቅም ነበር። አጃኢብ ነው። ያን ቀን ዓይኔን ያረጠበውን ላብ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ሐሙስ ዕለት ቁልፉን ቢጫን ኖሮ ሦስት በሬና ጊደር ነበረው፤ ይህን አልክድም፣ ሂሳብ ሂሳብ ነው። ግን በዚያችው ዕለት ከእኛ ቀድመው ሸጠው የወጡ ስንት ሰዎች አሉ፤ አንዳቸውም ሮቢት ድረስ አህያ አልነዱም። እኔም በዚያው ቁርቁራ ሥር፣ የሁሴንን ያህል የሻገተ ነገር ኪሴ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። በምን አውቀው ይዞሩ?

በገበያው ቀን ማሽላውና ፍየሏ ተሸጡ፤ ከኮይኑ የተረፈው የጥጃ ዋጋ ተጨመረበት፤ ሁሴን ፓምፗን ሊወስድ መጣ። በሬው አልተመለሰም፤ ለእርሻው ከጋሽ ምስጋናው በሬ ጋር ሊያቀናጁ ተስማምተዋል። ሙሉ እንደ ሁልጊዜው የገበያ ቀን ሱቁ ውስጥ የብር መሳቢያው ላይ ነበረች። ከዋጋው ላይ ትርፌን ስቀንስ አየችኝ።

ሁሴን ቀይዋን ፓምፕ ለመጨረሻ ጊዜ እንደ ሰው ዕቃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ራሱ ዳሰሳት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ያንተንስ ጉድጓድ መቼ ነው የምንከፍተው?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ። «እንዳትረሳን፣ ጥራን። አህያ ከጎረቤት አላጣም።»

ሙሉ ከመሳቢያው ቀና አለች።

«የምን ጉድጓድ?»

ሁሴን እሷን አየ፣ እኔን አየ። ሁሉም ነገር የገባው ይመስለኛል። ፓምፗን ውጭ ወደ ቆመው ባጃጅ ገፋ ገፋ አደረገና በሩ ላይ ዘወር አለ።

«ቸኩለህ አትግባ» አለኝ። «መጀመሪያ ይተንፍስ።»