የአደይ ለተኪዳን መገነዣ

ሞትን የማይፈራ ሰው ማየት ካማራችሁ ለቅሶ ቤት ሂዱ። ሐዘንተኞቹን ተዉአቸውና አጽናኞቹን ተመልከቱ። እንዴት ያሉ ጀግኖች መሰሏችሁ! ንፍሮ እየዘገኑ «ምን ያስለቅሳል? ለክርስቲያን ሞት ዕረፍት አይደል እንዴ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በሰው ሞት የሚፈራ ማን አለ?

ከእነዚህ ጀግኖች አንዱ እኔ ነኝ። ቆቦ ውስጥ በሥራ ቀን ሒሳብ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ሰው ሲሞት ቅሬያችን፣ ማለትም ዕድራችን፣ ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ያስቆፍራል፤ እኔ አጽናናለሁ። «ጌታችን ሞትን ሽሮታል! የምን ፍርሃት ነው?» ስል ድምፄ ጎረቤት ከተማ ዋጃ ድረስ ይሰማል ይሉኛል። አድናቆት ይሁን አቤቱታ እስካሁን አልገባኝም።

አደይ ለተኪዳን ጎረቤቴ ናት። ከአላማጣ ማዶ በሙሽርነት መጥታ ቆቦ ገበያ በርበሬ ስትነግድ ያረጀች፣ በአገሯ ትግርኛ አደይ፣ እናቴ፣ የምላት ሴት። ለራሷ ቀብር የሚሆን መገነዣ፣ ያው ነጭ አቡጀዲ፣ አጥፋ ሳጥኗ ውስጥ ታስቀምጣለች። ታስቀምጣለች እንኳ አይባልም። ሰፈሩ ውስጥ ድንገት የሚሞት ሲገኝ አውጥታ ትሰጥና ለራሷ ሌላ ትገዛለች። እስካሁን ሦስት ሰው በሷ መገነዣ ተሸኝቷል።

መስከረም ላይ ወባ ያዘኝ። ቆላ ላልኖራችሁ ልንገራችሁ፤ እኛ ወባን እንደ ጉንፋን ነው የምንንቃት፣ እስክትይዘን ድረስ። ጤና ጣቢያ ኪኒን ሰጥተው «ሦስት ቀን ዋጥ፣ ይሻልሃል» አሉኝ። እኔ ግን መሞቴ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ባለቤቴን ወይንሸትን «ልጆቹን አደራ» ብያት፣ ቀብሬ ላይ የሕይወት ታሪኬን የሚያነቡ ሁለት ሰዎች ጠቁሜ አማረጥኳት። ያ ዋጃ የሚሰማው ድምፅ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ «እናቴ ድረሺልኝ» ይላል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አደይ ልትጠይቀኝ መጣች። ትኩሳቱ ዓይኔን ስለጋረደው መልኳ እንኳ በቅጡ አይታየኝም። መዳፏ ግን ከአናቴ ጀምሮ እስከ እግሬ ጫፍ በዝግታ ሲያልፍብኝ፣ ከንፈሯም ሲንሾካሾክ ታወቀኝ። ጸሎት! ወዲያው ላብ አጠመቀኝ፣ ትኩሳቱም በረደ፤ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አደይ አልሄደችም፤ ትራሴ አጠገብ ፌስታል ተቀምጧል። ብርቱካን መስሎኝ እጄን ብሰድ አቡጀዲ ነው።

«አደይ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ምናልባት ካስፈለገ ብዬ ነው፣ ወደይ» አለችኝ። ወደይ ማለቷ ልጄ ማለቷ ነው። «የኔው ነው፤ ለመግዛት ጊዜ የሚሰጥ አልመሰለኝም።»

ዳንኩ። እንዲህ ያለ ዕቃ ትራስጌው ተቀምጦ ማን ይተኛል? በተከታዩ እሑድ ስለዚያች መዳፍ በጉባኤ መሰከርኩ፤ ሰዉ ሁሉ አለቀሰ። ከዚያ ፌስታሉን ልመልስ ብሄድ «የሰጠሁትን አልቀበልም» አለች። ቤት ማስቀመጡ ጨነቀኝ፤ መጣሉ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ። ወይንሸት «ለምን የትራስ ልብስ አልሰፋውም?» ስትል ጮኽኩባት። በመጨረሻ አንድ ክርስቲያናዊ መላ መጣልኝ። ከኔ ይበልጥ ለሚያስፈልገው መስጠት!

ከዚያ ወዲያ የታወቅሁ በሽተኛ ጠያቂ ሆንኩ። ሮቢት ከተማ አንድ ሽማግሌ አበቃላቸው ሲባል ፌስታሌን አንጠልጥዬ ከች። በሦስተኛው ቀን ማሳቸው ላይ ወፍ ሲያባርሩ ታዩ። ጎብዬ ከተማ ደግሞ አንዲት አሮጊት አፏ ተይዟል ቢሉኝ በረርኩ። ገና ከመቀመጤ ዓይኗን ገልጣ ሾርባ ጠየቀች። የመምህሩ ጸሎት ይሠራል ተብሎ ተወራ። የቅሬያችን ሰብሳቢ ጋሽ ሰይድ እንኳ «ማሻአላህ፣ በረካ ተሰጥቶሃል!» አሉኝ። በረካ! እኔ እኮ የምዞረው ሬሳ ፍለጋ ነው።

ኅዳር ላይ ማሽላ ሊያጭድ ከደጋ የወረደ አንድ ጎልማሳ ጤና ጣቢያ ውስጥ አረፈ። ዘመድ የለው፣ አገሩን የሚያውቅ የለ። ጋሽ ሰይድ ቅሬውን ጠሩ፣ ሰውም ተሰበሰበ፤ መገነዣ ግን አልተገዛም። «እኔ ጋ አለ!» አልኩ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሲገነዝ እግሩን ያዝ አሉኝ። ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ጥቁር አፈር አለ፤ የኛን ማሽላ ሲያጭድ የገባ የኛው አፈር። ሁለት ወር ሙሉ ይህን ሰው ስፈልገው እንደኖርኩ ታሰበኝና አፈርኩ፣ አለቀስኩም። የሚያጽናናኝ ጠፋ። አጽናኙ እኔ ነኛ!

ከቀብር መልስ በቀጥታ አደይ ቤት ገብቼ የሆነውን ነገርኳት። «እሰይ፣ አበጀህ» አለችና ሳጥኗን ከፍታ ሌላ አቡጀዲ እቅፌ ላይ አኖረችልኝ።

«ያኛው በኔ ቁመት ነው፣ ያጥርህ ነበር። ይሄ ልክህ ነው።»

«ልኬን ከየት አገኘሽው?»

«ታመህ የተኛህ ጊዜ ነዋ! ከአናትህ እስከ እግርህ በስንዝር ለካሁህ። ዘጠኝ ስንዝር ከጋት ነህ። እንዳይጠፋብኝ በአፌም እቆጥር ነበር።»

ያቺ መዳፍ! ጉባኤ ያስለቀስኩባት መዳፍ!

ወደ ሳጥኑ አየሁ። ባዶ ነው። «ያንቺስ?» አልኳት።

«ለኔ ሰው አይጠፋም። በየፋሲካው ሞት ተሽሯል ስትለን አልነበረም? እኔ አምኜህ ነው። የተሻረ ሹም ምን አባቱ ያደርገኛል? አንተ ግን ትፈራለህ ወደይ፤ ይኑርህ።»

ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ለካሁት። አንዲት ጣት አልሳተችም።

ትምህርቱን እርግፍ አድርጌ ተውኩት ብላችሁ ታሪኩ ያምር ነበር። አልተውኩም፤ አንድ እንኳ ያመነኝ ሰው ተገኝቶ እንዴት እተዋለሁ? ድምፄ ግን ዋጃ መድረሱን ትቷል፤ አደይ ጋ ከደረሰ ይበቃኛል። እሷም ከፊት ተቀምጣ እያዳመጠች ከአናቴ እስከ እግሬ ታየኛለች። ወፍሬ እንደሆነ ብላ ይሆናል።