ከፕሮጀክቱ በፊት፣ ከፕሮጀክቱ በኋላ

የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? የእርዳታ ድርጅት ፌስቡክ የሚያሳምረውን ማለቴ ነው። እኛም ጎብዬ አጠገብ አንዱ መጥቶልን ነበር። የድርጅቱ ቧንቧ ተተክሏል፤ ውኃው ግን ገና አልመጣም። ታዲያ ምን ቸገረው? ከቆቦ በባጃጅ ውኃ አስመጥቶ ታንከሩ ውስጥ አስገለበጠ። ጎረቤቴ እማማ ዘሃራ እንግዳ መጣ ብለው አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው ወጡ። ቧንቧው አጠገብ አሳቃቸውና «ከፕሮጀክቱ በኋላ» ብሎ ፎቶ አነሳቸው። ወዲያው ቡትቶ አስለብሷቸው፣ «አሁን ደግሞ ይዘኑልኝ!» አለና «ከፕሮጀክቱ በፊት»ን ጨረሰ። ስትራቴጂ ማለት ይኼ ነው!

«ልጄ፣ ውኃው ነገም ይመጣል?» አሉት።

«ነገማ ፌስቡክ ላይ ነው፣ እማማ! ዓለም ያየዋል።»

«ማሻአላህ!» ብለው ባዶ ጀሪካናቸውን አስታቀፉት። «እንግዲያስ ይቺን ይዘህልኝ ሂድ፤ እዚያው ሞልተህ ትልክልኛለህ።»